ግማሽ ድጓ፣ ግማሽ ክኒን

በዚያ ዓርብ ከጤና ጣቢያው በር ላይ የነበርነውን አንድም ሰው እንዳይቀርብኝ አስቀድሜ በስም ልጥራ። የኔታ ክንፉ በበቅሎ ላይ ነበሩ። የስማዳው ይበልጣል ከበቅሎዋ በስተግራ ቆሞ ያፏጫል። የላይ ጋይንቱ ዲያቆን ታረቀኝ ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከኋላ ቀርቷል። ነርሷ ሲስተር ጥሩዬ ነጭ ጋውኗን ለብሳ በሩ ላይ ወጥታለች። ከመንገዱ ማዶ ጨው የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ የእስቴው የበቅሎዋን ልጓም ይዣለሁ። የቀረው የአርብ ገበያ ሕዝብ ነው።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ የትናንቱ ስልክ ነው። ንፋስ መውጫ ላይ ስልክ የምጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የአንድ ደንበኛ ስልክ ከፍቼ ብሎኖቹን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ደርድሬ ሳለ የራሴ ጮኸ። ታረቀኝ ነበር።

«ልኬ፣ እሑድ ክርስትና አለብን። ወንድ ልጅ ነው» አለኝ።

«ማን ያነሣዋል?»

«ማን ይሆናል ብለህ ነው? ይበልጣል ነዋ። ሌላ ሰው ብጠይቅ በሕይወት የሚተወኝ መሰለህ?»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ብሎኖቹ ብመለስም የትኛው ከየትኛው እንደነበር ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይደርስብኝም። ይህን ታሪክ እንድጽፈው ሁለቱም ከፈቀዱልኝ ቆይተዋል፤ ይበልጣል እንዲያውም «ስሜን ካልጻፍህ እንጣላለን» ብሎኛል። እነሆ ጻፍሁት።

ያኔ ሦስታችንም የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ተማሪዎች ነበርን። ድጓ፣ የቤተ ክርስቲያን የዓመቱ ዜማ፣ ሌላ ቦታም ይማሩታል፤ ሙሉውን ይዞ ለመመስከር፣ ማለት የመምህርነት ምስክር ለመቀበል፣ ግን ሰው ከሩቅ አገር ሳይቀር ወደ ቤተ ልሔም ይመጣል። በየኔታ ክንፉ ደጅ ከእንጨትና ከሣር በሠራናት አንዲት ጎጆ እንኖር ነበር። ጎጆዋ ከእኛ በፊት ከነበሩ ተማሪዎች የወረስነው አንድ ሕግ ነበራት፤ ወደ ጎጆ የገባ ሁሉ እኩል ይካፈላል። ለምነን ያመጣነው ቂጣ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የደረቀ ኮቸሮ ሁሉ መሐል ላይ ይፈስሳል። አካፋዩ እኔ ነበርሁ። አንዲት ካራ ነበረችኝ፤ ሁልጊዜ ስላ፣ ሁልጊዜ ተጠርጋ የምትቀመጥ። በእሷ የቆረጥሁትን ማንም አይመርጥም፤ የትኛውም ድርሻ ከሌላው አይበልጥምና። «ልኬ» ያሉኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ማካፈል ቀላል ሥራ ይመስላል። ጥጋብ ሲሆን ቀላል ነው። ክረምት ሲገባ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፤ ውሻው ብቻ እንደበጋው ይጮኻል፤ በየደጁ «እግዜር ይስጥልን ልጄ» የሚለው ይበዛል። ያኔ አንዲት ቂጣ ለሦስት መክፈል የሰውን ልብ በእጅ እንደመያዝ ነው። ሁለቱም ዓይናቸውን ካራዋ ላይ ይተክላሉ።

ይበልጣል ከልደቱ ጀምሮ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ አለበት። እናቱ በሕፃንነቱ አርፋለች። መድኃኒቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ይወስዳል፤ የኔታም ሲቀበሉት አጎቱ ነግረዋቸዋል። እኛም እናውቃለን፤ አይደብቅም ነበር። ለጾሙ እንዲመች ብሎ ክኒኑን የሚውጠው ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ አርብ ገበያ ከተማ ወርዶ ደም ይሰጣል፤ ደሙ ወደ ትልቅ ከተማ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ ውጤቱ ሲመጣ «አይታይም» ይሉታል፤ እሱም ጎጆ ገብቶ ይዘፍናል።

በዚያ ዓመት መስቀል አልፎ፣ ጭቃው ጠጥሮ፣ መንገዱ ሁሉ የባቄላ አበባ በሚሸትበት ሰሞን ውጤት ልንሰማ አብረን ወረድን።

«ሲስተር፣ እንዴት ዋሉ?» አልናት።

«አንቱ አትበሉኝ ብያችኋለሁ። አላረጀሁም» አለችና ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ የይበልጣልን ጉንጭ አየች። «ወፍረሃል።»

«የየኔታ ባቄላ እሸት ነው።»

«ደምህ ግን እንደ ጉንጭህ አይደለም። ቫይራል ሎድህ ከፍ ብሏል።»

እኔ ቃሉን ብዙ ጊዜ ብሰማውም ልኩን አላውቀውም ነበር። «ቫይራል ሎድ ማለት በትክክል ምንድን ነው?» አልኋት።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ልኬ ነው። ሳይለካ አያድርም» አላት ይበልጣል።

ሳቅ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ያለችውን በተቻለኝ መጠን እንዳለችው እጽፋለሁ። «መሣሪያው ከደሙ ትንሽ ወስዶ ቫይረሱ በዚያ ውስጥ ስንት እንደሆነ ይቆጥራል። ቫይራል ሎድ ማለት ያ ቁጥር ነው። ሰውየው ይክሳ ይወፍር፣ ይሳል አይሳል፣ መሣሪያው አያውቅም። መድኃኒቱ በደንብ ሲሠራ መሣሪያው ሊያየው እስኪያቅተው ድረስ ቁጥሩ ይወርዳል። ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ከሰውነቱ ውስጥ ተሸሽጎ ተኝቷል። መድኃኒቱ ሲጎድል ይነሣል። የዚህ ልጅ ዓምና ተኝቶ ነበር፤ ዘንድሮ ተነሥቷል።» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ «አቋርጠሃል?» አለችው።

«አንድም ቀን! ከዋሸሁ ድጓዬን ይንሣኝ።»

ብልቃጡንም አየችው፤ ከቀረው ክኒን ጋር ቀኑ ይስማማል። ፊቷ ጨለመ። «እንግዲያ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ መድኃኒቱ በአግባቡ ወደ ሰውነትህ አይገባም፤ ወይ ቫይረሱ ተላምዶታል። ከተላመደው መቀየር አለብን፤ ለመቀየር ያለን መድኃኒት ግን ብዙ አይደለም። ሦስት ወር ሳትስት ውሰድና እንደገና እንለካዋለን።» በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች። «አንተ ልኬ፣ ሲውጥ ታየዋለህ። አደራ።»

አደራውን ተቀበልሁ። ወደ ላይ ስንመለስ ይበልጣል ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያፏጭ ሄደ። እኔም በልቤ፣ ይህ ልጅ ዓይኔ እያየ አይታመምም አልሁ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ክኒኑን ወደ አፉ ሲወረውር ከፊቱ ቁጭ እላለሁ። «አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሣ» እለዋለሁ።

«ፈረስ የምትገዛ ይመስል ጥርሴን ትመረምራለህ!» ይለኛል። ታረቀኝ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይስላል። ከሰኔ ወዲህ እየከሳ ነበር፤ እኛም የክረምት ረኃብ ነው ብለን ነበር።

ጥቂት ቀን እንዲህ ቆየን። አንድ ጧት ቂጣ ላካፍል ካራዬን ሳነሣ ስለቷ ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። ዱቄቱ የገብስ ወይም የስንዴ አልነበረም። በጣቴ ነክቼ ቀመስሁት፤ ምርር አለኝ። ጎጆዋ ውስጥ እኔ ሳላውቅ የተከፈለ ነገር ነበር።

ያን ቀን የየኔታን ገብስ ልናጭድ ወጥተን ነበር። ከማሳው ዳር ስንደርስ ካራዋን አወጣሁ። «ይህችን ማን ነካት?»

ይበልጣል ማጭዱን ጣለ። «እኔ ነኝ። ወደ ጎጆ የገባ ሁሉ ይካፈላል። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ክኒኑን?»

«ክኒኑስ ጎጆ አልገባም? እሱ ሲስል እያደረ እኔ ብቻዬን ልዋጥ?»

«ተወው ልኬ፣ እኔ ነኝ የለመንሁት» አለ ታረቀኝ።

«አልለመንኸኝም! አትዋሽ። አይቼህ ነው የሰጠሁህ።»

ነገሩ ይህ ነበር። ታረቀኝ አገሩ ሳለ ለአንድ ቄስ ልጅ ታጭቶ፣ ከጋብቻ በፊት ደም ሲመረመር ቫይረሱ እንዳለበት ተነግሮት፣ ወረቀቱን ቀድዶ፣ «ድጓ ልመሰክር» ብሎ ወደ ቤተ ልሔም መጥቷል። ሕክምና ቤት ደግሞ አልረገጠም። ሰኔ ላይ የታረቀኝ ሳል ሲበረታ ይበልጣል ገባው። እሱ ምልክቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የራሱን ክኒን በካራዬ እየከፈለ አንዱን ግማሽ ለራሱ፣ አንዱን ለጓደኛው አደረገ። ብልቃጡ በትክክል የሚጎድለውም፣ አንድም ቀን አላቋረጥሁም ብሎ የማለውም ለዚህ ነው። እኔ ፊትም ጨብጦ ስለሚወረውረው ግማሽ መሆኑን አላየሁም።

መቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን በምን ልቆጣ? በዚያ ረኃብ ወር እንዲህ ያለ ማካፈል እኔ ከምሠራው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ስሕተቱም ከደግነቱ ጋር እንደ ድርና ማግ ተያይዟል። ዓይኔን ወደ ማሳው መለስሁ፤ ያን ጊዜ የምለውን አገኘሁት። በሐምሌ ስናርም ሁለቱ የያዙት ወገን ፊት ለፊቴ ነበር። ሁለቱም በረኃብ ጠውልገው ስለነበር ሥሩን ሳይነቅሉ አረሙን ከአንገቱ እየቀነጠሱ ነበር ያለፉት። ሲታይ ንጹሕ መስሎ ነበር። አሁን ግን አንዱ አረም ከተቀነጠሰበት ቦታ ብዙ ሆኖ ወጥቶ ገብሱን ውጦታል።

«ይህን እዩት» አልኋቸው። «ግማሽ ክኒን ይህ ነው። አይገድለውም፤ ይቀነጥሰዋል። የተቀነጠሰው ደግሞ መቀንጠሱን ይለምዳል። ቂጣ ለሁለት ሲከፈል ሁለት ሰው ይበላል። ክኒን ለሁለት ሲከፈል ግን የሚበላው ቫይረሱ ነው። ዓርብ ሲስተር ጋ እንውረድና ታረቀኝ የራሱን ይቀበል።»

ታረቀኝ «ዓርብ የእጮኛዬ ዘመዶች ሁሉ ገበያ ላይ ናቸው። የሲስተር በር የኤች አይ ቪ ሕክምና በር እንደሆነ የማያውቅ የለም። በዚያ በር ከምገባ እዚሁ ማሳ ላይ ብቀር ይሻለኛል» አለ።

«ለየኔታ ልንገራቸው?»

ታረቀኝ ወደ ገብሱ ጎንበስ አለ። «ስም ሳትጠራ ጠይቅ» አለኝ።

የኔታ ከወይራው ሥር ነበሩ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው የአንድ ተማሪ ዜማ ያርማሉ። ተማሪው እስኪሄድ ጠብቄ «የኔታ፣ አንድ ሰው ለራሱ የታዘዘለትን መድኃኒት ከጓደኛው ጋር ቢካፈል…» ብዬ ጀመርሁ። አላስጨረሱኝም።

«ስም አልጠራህም፤ ደግ አድርገሃል። የታረቀኝ ድምፅ ከክረምት ወዲህ ሲቀጥን የማልሰማ መሰለህ? ዕድሜዬን ሙሉ ድምፅ ሳዳምጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ጥራቸው።»

መጡ። የኔታ ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«አንተ ከድጓው ክፍሎች ዮሐንስን ብቻ ብትይዝ፣ ይሄ ደግሞ አስተምህሮን ብቻ ቢይዝ፣ ቤተ ልሔም ማናችሁን ይመሰክራል?»

«ማናችንንም፣ የኔታ።»

«ግን ተካፍላችሁታል እኮ፤ እኩል።»

«ቢሆንም…»

«ሁለት ግማሽ ድጓ አንድ ሊቅ አይሆንም። ሁለት ግማሽ ክኒንም አንድ ጤነኛ አያደርግም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ያህል ግን አያቅተኝም።»

ይበልጣል አንገቱን ደፋ። ግን እሱ እሱ ነውና «ታዲያ የጎጆው ሕግ ፈረሰ?» አለ።

«አልፈረሰም። ቁራሹን ተካፈሉ። ክኒኑን ለባለቤቱ ተዉና መንገዱን ተካፈሉ። ዓርብ አብረን እንወርዳለን።»

«እርስዎም?»

«እኔስ የማን ጎጆ ሰው ነኝ?» አሉ።

ዓርብ ጧት ውርጩ ሳይለቅ በቅሎዋን ጫንን። ገብስና ምስር የጫኑ አህዮች ቀድመውናል፤ የሚያልፈን ሁሉ ባርኔጣውን እያወለቀ የየኔታን ጉልበት ይስማል፣ «ምነው ወደ ገበያ?» ይላል። «ለጉዳይ ነው» ይላሉ። ታረቀኝ ሦስት ጊዜ ጫማውን ሊያስር ቆመ። ጫማው ማሰሪያ የለውም ነበር። ሁለት ጊዜ ጠበቅነው፤ በሦስተኛው ይበልጣል «ወይ ጫማ ግዛ፣ ወይ ተራመድ!» ቢለው ታረቀኝ ራሱ ሳቀ። ያን ሳቅ ስሰማ እንደሚደርስ አወቅሁ።

ከበሩ ስንደርስ እኒያ ጨው የሚሸጡ እናት ብድግ አሉ። «የኔታ! ተሳስተው ነው እኮ። ይሄ የእነዚያ በር ነው።»

«አልተሳሳትሁም ልጄ። ደሜን ላስመረምር ነው።»

«እርስዎ? በዚህ ሽምግልና?»

«ሽበት ደም ይመረምራል እንዴ?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ያ ድምፅ ማኅሌት የሚሞላ ድምፅ ነው፤ ግማሽ ገበያ ዞረ። «ተማሪዎቼም ይመረመራሉ። ሦስቱም። ታረቀኝ፣ ና አውርደኝ።»

ታረቀኝ ቀረበ። የኔታ ከበቅሎዋ ወርደው ክንዳቸውን ትከሻው ላይ ጣሉና ነጠላውን በሌላው እጃቸው ከፊቱ ገለጥ አደረጉት። ሲስተር ጥሩዬ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ታረቀኝ በዚያ በር የገባው የመምህሩ ምርኩዝ ሆኖ ነው። ምን ይባላል? ማን ምን ይላል? የእጮኛው ዘመዶች በዚያ ቢኖሩ እንኳ ያዩት አንድ ዲያቆን መምህሩን ደግፎ ሲገባ ነው። ቀጥሎ እኔ ገባሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ ይበልጣል፣ «እኔ እንኳ የቤቱ ልጅ ነኝ» እያለ።

ከውስጠኛው ክፍል አንድ በአንድ ነበር የምንጠራው። የኔታ ገብተው በሩ ተዘጋ። ጥቂት ቆይቶ የሲስተር ጥሩዬ ሳቅ ተሰማ፤ ስትወጣ ግን ዓይኗን በጋውኗ እጅጌ ትጠርጋለች። ታረቀኝ ሲገባ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ በነጠላው ሥር የራሱ ብልቃጥ ነበረው፤ ሙሉ ክኒን፣ በራሱ ስም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አደራዬን ጠበቅሁ። ማታ ማታ ሁለት አፍ አስከፍት ነበር። ካራዋ ቂጣ ብቻ ቆረጠች። በጥር፣ አውድማው ሁሉ ገለባ በሚያበንንበትና የጋይንት ነፋስ ፊት በሚልጥበት ወር፣ የይበልጣል ውጤት መጣ። ሲስተር ጥሩዬ ወረቀቱን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ሰጠችኝ። አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ ወደ «አይታይም» ተመልሷል። መድኃኒቱ አልተሸነፈም፤ መቀየርም አላስፈለገም። ይበልጣል፣ ያ ወሬኛ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «ግማሹ ያን ሁሉ ካስነሣብኝ፣ ሙሉው ይኸው አስተኛው» አለ።

የታረቀኝ ቁጥር ለመውረድ ጊዜ ወሰደ፤ ግን ወረደ፤ ሳሉም ተወው፤ ድምፁም ተመለሰ። ለእጮኛው ራሱ ሄዶ ነገራት። አባቷ ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ልጅቱን ግን አልሰጡትም። ያን በጋ እንዴት እንዳለፈው ስላየሁ ቀላል አድርጌ አልጽፈውም። ዛሬ ያገባት ሴት ሁሉን አውቃ ያገባችው ናት፤ እሷ ከቫይረሱ ነፃ ነበረች፣ ዛሬም ነፃ ናት። ቁጥሩ መሣሪያ ሊያየው እስከማይችል ሲወርድና በዚያው ሲቆይ ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛ አይተላለፍም። ይህን ሐኪሞች ነግረውናል፤ እኔም በማገኘው ጽሑፍ ሁሉ እያመሳከርሁ አንብቤዋለሁ። እሑድ የሚጠመቀው ልጅ የዚህ ፍሬ ነው።

እኔ ድጓውን አልጨረስሁም። ከግማሹ በላይ ብቻ ይዤ ወጣሁ፤ ስለዚህ አልተመሰከርሁም፤ ትክክልም ነው። ካራዋ ግን ዛሬም ሱቄ መሳቢያ ውስጥ አለች። ለእሑዱ ድፎ ይዤያት እሄዳለሁ፤ ይበልጣል ካሁኑ «ለክርስትና አባት ድርሻ ይበልጣል» እያለ እየተከራከረኝ ነው። አይበልጥም።

የኔታ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። የዚያን ቀን የእሳቸው ደም ምን እንዳለ አልጠየቅንም፤ እሳቸውም አልነገሩንም። ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለጎደለኝም ነው። ሲስተር ጥሩዬ፣ ከተዛወርሽ ወዲህ የት እንዳለሽ አላውቅም፤ ይህን ካነበብሽ የኔታ መርፌው ሲገባ ምን ብለው እንዳሳቁሽ፣ ምን ብለውስ እንዳስለቀሱሽ ጻፊልኝ። ከመንገዱ ማዶ ጨው ይሸጡ የነበሩት እናት ስምዎን ይንገሩኝ። በዚያ ዓርብ ገበያ ላይ ሆናችሁ በቅሎዋን፣ ሽማግሌውንና ያን ነጠላው የተገለጠ ዲያቆን ያያችሁም፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ያላየሁት አንድ ነገር አለ፤ ታረቀኝ ደፉን ሲሻገር ፊቱ ምን ይመስል ነበር?